ባዶ መብራት

ፎቶ ቤት ውስጥ ያልሠራ ሰው «ባዶ መብራት» ሲባል አይገባውም። እኔ ላስረዳ፤ ሙያውን አሳምሬ አውቀዋለሁ። የድሮው የፊልም ካሜራ አናት ላይ የሚሰካው ፍላሽ የራሱ የሆነች ትንሽ መሞከሪያ ቁልፍ ነበረችው። ካሜራውን ሳትነካ እሷን ብቻ ጫን ስታደርጋት መብራቱ ቦግ ይላል፤ ፊልሙ ግን ከነበረበት አይነቃነቅም። ፊት ለፊትህ የቆመው ሰው ዓይኑን ያርገበግባል፣ ፈገግ ይላል፣ «አላህ ይስጥህ» ብሎ መርቆህ ይሄዳል። ተነሳሁ ብሎ ነው የሚሄደው። አልተነሳም።

ሃያ ዓመት አልፎኝ ቆቦ ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት ስቀጠር፣ አሠሪዬ ለሁለት ሰርግ የሚሰጠኝ አንድ ፊልም ነበር። ሠላሳ ስድስት ፎቶ፣ ለሁለት ሰርግ። ሰርግ ቤት ደግሞ ካሜራ ያየ ሁሉ መነሳት ይፈልጋል፤ የሙሽራው አጎት፣ የአጎቱ ጎረቤት፣ ጎረቤትየው ይዞት የመጣው እንግዳ። «አይቻልም» ብትል ጠብ ነው። የራያ ሰው በሰርጉ ቀን አይቻልም የሚባል ቃል መስማት አይወድም፤ ዱላውም ከእጁ ሩቅ አይደለም። አሠሪዬ ታዲያ ዘዴውን አስተማረኝ፦ «ሙሽሮቹን በፊልም፣ ሕዝቡን በመብራት።» ፎቶዬ ብሎ የመጣ ሰው ካለ መልሱ አንድ ነው፤ «የፊልሙ ጫፍ ተቃጥሏል።» ፊልም ከተቃጠለ የአላህ ሥራ ነው፤ ፎቶ አንሺ አይጠየቅበትም።

ከነዚያ ሰርጎች አንዱ ዋጃ አካባቢ ነበር። ከሰርጉ ወራት በኋላ አንዲት ጥቁር ሻሽ ያሰረች ልጅ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆመች። አባቷ በሰርጉ ቀን ወደ ቤት ተመልሶ «ዛሬስ ተነሳሁ! ቆቦ ወርደሽ ታመጭልኛለሽ» ብሏት ነበር። ሳትወርድ ቀረች፤ እርሻ ያዛት፣ ዝናብ ያዛት። በኋላ አባቷ ታመመና ሞተ። የመታወቂያው ጉርድ ፎቶ ውኃ ገብቶበት ፊቱ ጠፍቷል። ሌላ ፎቶ በዕድሜው ተነስቶ አያውቅም። ያችን የሰርጉን ፈልጋ መጣች።

እኔ ሰውየውን አላስታወስኩትም። የማስታውሰው ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ሰርግ ከሙሽሮቹና ከሚዜዎቹ በቀር ፊልም ላይ ያሳረፍኩት ሰው አልነበረም። ከቀትር በኋላ የነበረው ሁሉ ባዶ መብራት ነው። ስለዚህ እሷ ገና ተናግራ ሳትጨርስ አውቄዋለሁ።

«የፊልሙ ጫፍ ተቃጥሏል» አልኳት።

ልጅቱ ደንበኞች የሚቀመጡባት በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለስላሳ ገዝቼ አመጣሁላት። ፊቴ ተለዋውጦ ሳይሆን አይቀርም፤ ምክንያቱም ስትወጣ «አንተም አዘንክ አይደል? አላህ አንተንም ያጽናህ» አለችኝ። ሳምንት አልቆየሁም፣ ዋጃ ሄድኩ፤ «ምናልባት ሌላ ቦታ የተነሱት ካለ ልፈልግልሽ» ብዬ። ከዚያም ደጋግሜ ሄድኩ። በዓመቱ ሽማግሌ ላክሁ።

ያች ልጅ እነሆ ከሃያ ዓመት በላይ ሚስቴ ናት። ሰው በተሰበሰበበት እንዴት እንደተገናኘን ሲጠየቅ የምትመልሰው እሷ ናት። «በአባቴ ፎቶ ምክንያት» ትላለች። «ፊልሙ ተቃጠለ ብሎ ሲነግረኝ ከኔ በላይ ያዘነው እሱ ነበር። ያኔ ነው ሆዴ የገባው።» ሰው «ማሻአላህ!» ይላል። እኔ ጫማዬን አያለሁ። ሰዎች ዓይን አፋር የሆንኩ ይመስላቸዋል።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። ስንቁን እንጃ እንጂ የኔ ውሸት እያደር ነው የከበደው። የሰርጋችን አልበም የመጀመሪያው ገጽ ላይ አራት የፎቶ ማዕዘኖች ለጥፋ ባዶውን ትታዋለች፤ የአባቴ ቦታ ነው ትላለች። ቤታችን እንግዳ በመጣና አልበሙ በተገለጠ ቁጥር ያ ባዶ ገጽ ይገለጣል። ልነግራት ያሰብኩበት ቀን ብዙ ነው። አንድ ቀን ልጅ ታማለች፣ አንድ ቀን እሷ ደስ ብሏታል፣ አንድ ቀን እኔ ደክሞኛል። ፈሪ ሰው ምክንያት አያጣም።

በኋላ የራሴን ፎቶ ቤት ስከፍት አብራኝ ሠራች። ወደ ሰርግ አልወሰድኳትም፤ ሱቁን ነበር የምትይዘው። እሷ ያመጣችው አንድ ደንብ ነበር፤ እያንዳንዱ ፎቶ በደብተር ይጻፋል፤ የፊልሙ ቁጥር፣ የሰውዬው ስም፣ ሰፈሩ። «የሰው ፊት ወስደህ ባዶ እጁን አትስደደው» ትላለች። ለምን እንደምትል አውቃለሁ። የራሴ ሱቅ ከተከፈተ ወዲህ ባዶ መብራት አብርቼ አላውቅም። ይህን የምጽፈው ራሴን ለማሞገስ አይደለም፤ ደብተሩን ፈርቼ ነው።

ከዚያ ስልክ መጣና ሁሉም ፎቶ አንሺ ሆነ። ከዚያ ደግሞ ከተማችን ያን ክፉ ጊዜ አየች፤ ሸሽተን ስንመለስ ሱቁ ባዶውን ነበር፤ የኔጋቲቩ ሳጥን እንኳ አልተረፈም። አሁን የስልክ ልባስና ቻርጀር እሸጣለሁ፤ ጉርድ ፎቶም በዲጂታል አነሳለሁ። ከድሮው የሱቅ ዕቃ የተረፈው የፊልም ካሜራዬና ፍላሹ ብቻ ነው። እሱንም ያተረፈችው ሚስቴ ናት። ስንሸሽ በላስቲክ ጠቅልላ፣ ዋጃ ወንድሟ ዘንድ ከማሽላ ጋር እህል ጉድጓድ ውስጥ ቀብራው ነበር። ወርቋን ረስታ ካሜራዬን ቀበረች። ሲወጣ ሌንሱ ላይ የማሽላ አቧራ ነበረበት እንጂ ደህና ነበር።

ባለፈው ዓመት እህቷ ከጅቡቲ ደወለች። ታጁራ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አግብታ ነው የምትኖረው። «ሞቼ ነው የምትመጡት?» ብላ ተቆጣች። ልጆቻችን ራሳቸውን ችለዋል፤ ፓስፖርት አወጣን። እኔ በልቤ ሌላ ነገር ይዣለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ያነሳሁት ሰው ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ፊት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የቆመ ሰው ነው። አንድ ጊዜ፣ ሳልሞት፣ ሰውን እንደሚኖረው ሆኖ ማንሳት ፈለግሁ፤ ሲሸጥ፣ ሲተኛ፣ ዳቦ ሲቆርስ። በፊልም። አዲስ አበባ ያለው የወንድሜ ልጅ አፈላልጎ ሦስት ፊልም ላከልኝ። ሦስት ብቻ።

«ስልክ አለህ አይደል፣ በሱ አታነሳም?» አለችኝ ሚስቴ።

«ሙያዬን በስልክ አልቀብርም።»

«እኔ ጉድጓድ ውስጥ ከቀበርኩት ምን ቀረህ!» ብላ ሳቀችብኝ። ቢሆንም አዲስ ደብተር ገዛች።

በኛ አገር ሰው ሩቅ መንገድ ሲሄድ ጎረቤቱን እየዞረ «አፉ በሉኝ» ይላል። ይቅር በሉኝ ማለት ነው፤ የመንገድ ነገር አይታወቅምና የሰው ሐቅ ተሸክሞ መሞት አለ። እኛም ሰፈሩን ዞርን። ሥጋ ሻጩን፣ የባጃጅ ተራ ልጆችን፣ አጥሯን የገፋሁባትን ጎረቤታችንን ሁሉ አፉ አስባልን። የምንሄድበት ጠዋት ነው፤ ሻንጣውን በገመድ ስናስር ለሚስቴ እንደ ቀልድ፣ «አንችም አፉ በይኝ» አልኳት። ቀጠልኩና «የምታውቂውንም፣ የማታውቂውንም» አልኳት።

«የማውቀውንም የማላውቀውንም አፉ ብየሀለሁ» አለች ገመዱን በጥርሷ ይዛ። «አንተም አፉ በለኝ።»

ወላሂ፣ ቀለለኝ። ሃያ ዓመት የተሸከምኩትን በአንዲት «የማታውቂውንም» አራገፍኩት ብዬ አሰብኩ። ሚኒባስ ውስጥ ሮቢትን አልፈን ወደ ወልድያ ስንወርድ ሁሉ በሆዴ ስስቅ ነበር። እንደዚህ ያለ ብልጥ ነኝ።

በወልድያ፣ በጭፍራ፣ በሚሌ አድርገን ጋላፊ ደረስን። እዚያ የከባድ መኪና ሹፌሮች ኬላው እስኪከፈት ከመኪናቸው ሥር ጎማ ተንተርሰው ተኝተው አየሁ፤ አነሳኋቸው። ሚስቴ ቀስቅሳ ስልካቸውን ጠየቀቻቸው። አንዱ ሹፌር «ሴትዮ፣ ተኝቼ አነሳችሁኝ፤ ደግሞ ትቀሰቅሽኛለሽ?» ብሎ ተነጫነጨ፤ ቁጥሩን ግን ሰጣት። ታጁራ ከደረስን በኋላም እንዲሁ ነበር ውሏችን። እኔ ካሜራውን አንግቼ ከፊት፣ እሷ ደብተሯን ይዛ ከኋላ። ዳቦ ሻጯን፣ ጥላ ሥር የሚቆምሩ ሽማግሌዎችን፣ ውኃ የሚቀዱ ሴቶችን። ለመጀመሪያ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነን መንገድ የወጣን ያህል ደስ ብሎን ነበር። ሙቀቱ እንደ ቆቦ ነው ሲሉን ነበር፤ የቆቦን ሙቀት ሰደቡት እንጂ አይገናኝም። እየተላበች ትስቃለች። ከክፉው ጊዜ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

በአምስተኛው ቀን የመጨረሻው ፊልም ላይ ስድስት ፎቶ ቀረኝ። ስድስቱን ለጀልባዎቹ አስቀምጫለሁ። አመሻሹ ላይ ዓሣ አጥማጆቹ ሲገቡ፣ ሴቶቹ እስከ ጉልበታቸው ባሕሩ ውስጥ ገብተው ይቀበሏቸዋል። ሦስት ቀን ሙሉ ብርሃኑን ሳጠና ቆይቻለሁ። የዕድሜዬ ፎቶ እሱ ነው ብዬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ በባሕሩ ዳር ስንሄድ አሮጌ ጀልባ ጥላ ሥር መረብ የሚጠግን አንድ አፋር ሽማግሌ ጠራን። ከየት እንደመጣን ጠየቀ። ቆቦ ስንለው መረቡን ከጉልበቱ አወረደ።

«ቆቦ! እኔ ቆቦ አውቃለሁ። ወጣት ሆኜ፣ ሦስት ግመል። ማሽላ ገዛሁ ቆቦ ገበያ» አለ። አማርኛውን እዚያው ገበያ የለመደው ነው፤ ስንት ዓመት ሳይናገረው ቆይቶ እንደሆነ እንጃ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያነሳ ነበር የሚያወጣው። ሚስቴ አሸዋው ላይ ቁጭ አለችና ወሬ ያዙ። ካሜራውን አይቶ በወረቀት የሚወጣ መሆኑን ጠየቀ። በወረቀት ነው አልነው። የልጅ ልጁ ስልክ ከነፎቶው ባሕር ገብቶበታል፤ የሟች ሚስቱም ፎቶ እዚያው ነበር። «ስልክ ባሕር ይበላዋል» አለ። «ወረቀት ግድግዳ ላይ ይሆናል። ልጄ ሩቅ ናት፤ ትመጣለች፤ ታየኛለች።»

«ያነሳዎታል አባባ፣ አብሽር!» አለች ሚስቴ እኔን ሳትጠይቅ።

ሽማግሌው ቆይ ብሎን ቤቱ ሄደ። ጸሐይዋ ዝቅ እያለች ነው። ሰዓቴን አያለሁ፣ ባሕሩን አያለሁ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጺሙን በውኃ አበጥሮ ተመለሰና ጀሪካን ደፍቶ ተቀመጠ። ስድስት ፎቶ ነው ያለኝ። ለሱ አንድ ብሰጥ አምስት ይቀረኛል። አምስት ምን አነሰኝ? አሁን ነው እንዲህ የምለው። ያኔ አውራ ጣቴ ሳላዘው፣ እንደዚያ ዘመን፣ ትንሿን ቁልፍ አገኛት።

ቦግ።

«አላህ ይስጥህ» አለኝ።

ሚስቴ የሴት ልጁን ስልክ ቁጥር ደብተሯ ላይ ጻፈች። ትንሽ እንደተራመድን የፎቶውን ቁጥር ለመጻፍ ካሜራውን ከአንገቴ ላይ ሳብ አድርጋ አየችው።

«ሠላሳ ነው የሚለው» አለች። «ሠላሳን ለዳቦ ሻጯ ጽፌያለሁ።»

እዚህ ላይ ዝም ብል፣ ወይም ተበላሽቷል ብል፣ ያልፍ ነበር። ግን ደስ ብሎኝ ነበር፣ ጀልባዎቹ ሊመጡ ነው፣ በሙያዬም ኮርቻለሁ። ሳቅሁ።

«ባዶ መብራት ነዋ! ሽማግሌውም ደስ አለው፣ ፊልሙም ተረፈ። ይኸ እኮ የድሮ ዘዴ ነው፤ ስንት ሰርግ ያለፍኩበት! ኋላ ሲጠይቁ ፊልሙ ተቃ…»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አፌ ላይ የቀረችው ግማሿ ቃል ምን እንደሆነች እኔም እሷም እኩል ሰማናት።

ቆመች። ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር። ባሕሩ እግሯን ነክቶ ተመለሰ፤ አላየችውም።

«ዋጃስ?» አለችኝ።

«የዋጃው ተቃጥሎ ነው።»

ደብተሯን ከድና ብብቷ ሥር አደረገች።

«ወላሂ!» አልኳት።

በአላህ ስም ምዬ ዋሸሁ፤ ለመማል የጠየቀኝ ሰው ሳይኖር። የዚያን ቀን ካደረግሁት ሁሉ፣ ዛሬ ለሰላት ስቆም ፊቴ የሚመጣብኝ እሱ ነው። እሷ ግን አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። «እሺ» አለችና ጫማዋን አጥልቃ ወደ እህቷ ቤት መንገዱን ያዘች። ተከተልኳት። ጀልባዎቹ ሲገቡ የሴቶቹ እልልታ ከኋላችን ይሰማኝ ነበር፤ ዞር ብዬ አላየሁም።

በማግስቱ ጠዋት ሻሿን አስራ ቆማ አገኘኋት። «ካሜራውን ያዝ» አለች። ሌላ አላለችም።

ሽማግሌው እዚያው ጀልባ ሥር ነበር፤ የሥራ ልብሱን ለብሷል። ሚስቴ ሰላምታውን ጨርሳ በግልጽ ነገረችው፤ «አባባ፣ ትናንት አልተነሱም። ዛሬ ይነሱ።»

ሽማግሌው ወደኔ ዞረ። «ለምን?» አለ።

አፌ ራሱ «ፊልሙ…» ብሎ ጀመረ። ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት የለመደውን ነው። ሚስቴ አየችኝ። ቃሉን ዋጥሁት።

«መብራት ብቻ ነበር አባባ። ፊልሙን ሰስቼ ነው» አልኩ።

ሳቀ፤ ጥርሶቹ ጥቂት ናቸው። «ቆቦ ድሮም ስፍር ያጎድላል» አለ። ሊቆጣ ይችል ነበር፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ተነስቶ ያንኑ ነጭ ሸሚዝ ሊለብስ ቤቱ ሄደ። መንገዱ ለእግሩ ሩቅ ነው፤ ሲሄድም ሲመጣም ቆመን ጠበቅነው።

ጀሪካኑ ላይ ሲቀመጥ ዓይኔን ካሜራው ላይ አደረግሁ። ትናንት ያላየሁትን አየሁ። ሸሚዙ ሁለተኛው ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍቷል፤ ራሱ የሰፋው ነው፣ ክሩ የመረብ ክር ነው። የግራ ዓይኑ ሽፋን ትንሽ ይወድቃል። ፎቶ ሲነሳ ትንፋሹን ይይዛል፤ እንደዚህ ትንፋሹን የሚይዝ ሰው ሰርግ ቤት ስንት አይቻለሁ፣ ወይም ስንት ሳላይ አልፌያለሁ። ስድስቱንም እሱ ላይ ጨረስኩ። ሚስቴ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት እያለች ጻፈች። ፊልሙ ሲያልቅ የካሜራው ማጠንጠኛ ቀጥ ብሎ ቆመ። በዚያ አመሻሽ ጀልባዎቹን በባዶ ካሜራ ቆሜ አየኋቸው። ያሰብኩትን ያህል ያማሩ ነበሩ።

ወደ ቆቦ ተመለስን። መንገዱን ሁሉ ደህና አነጋገረችኝ፤ ውኃ ጠጣ፣ ሻንጣውን ጠብቅ፣ እዚህ ጋ እንውረድ። ስለ ዋጃ አንድም ቃል አላነሳችም። እኔም አመነችኝ ማለት ነው ብዬ ራሴን ለማሞኘት ሞከርኩ። ግን ሰው ሲሰበሰብ እንዴት ተገናኛችሁ ተብላ ስትጠየቅ፣ «እንዲያው፣ ቆቦ ነው» ብላ ማለፍ ጀመረች።

ፊልሞቹ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ አዲስ አበባ ሄደው ታጥበው፣ በወሩ ፎቶዎቹ መጡ። ሱቁ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸውና ከደብተሯ ጋር እያስተያየች በየፖስታው ከተተች፤ ለሹፌሮቹ፣ ለዳቦ ሻጯ፣ ለሽማግሌው። የሁሉም ጀርባ ላይ ስም ጻፈች። የታጁራውን ጅቡቲ በሚመላለስ ሹፌር ለእህቷ ላከችው። እህቷ በኋላ ደውላ ሽማግሌው ፎቶውን ግድግዳው ላይ አድርጎ፣ ልጁ እስክትመጣ መንገደኛውን ሁሉ እየጠራ እንደሚያሳይ ነገረችን። ሚስቴ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

የሽማግሌው ፎቶ አንድ ትርፍ ነበረን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ደንበኛ የለም፤ ውጭ ባጃጆቹ ተራ ይጨቃጨቃሉ። በርጩማው ላይ ተቀምጣ ያችን ትርፍ ፎቶ እያየች ቆየች። ያች በርጩማ የድሮዋ አይደለችም፤ ያች ከዘረፋው አልተረፈችም። ቦታዋ ግን ያው ከበሩ አጠገብ ነው።

«ቁልፉን አየኸው? በመረብ ክር ነው የሰፋው» አለችኝ።

«አይቼዋለሁ።»

«ቆንጆ አድርገህ አነሳኸው።» ዓይኗን ከፎቶው ላይ ሳታነሳ፣ «አባቴ እንዴት ብሎ ነበር የቆመው?» አለችኝ።

ተቃጥሎ ነው ወይስ አልተቃጠለም፣ አላለችም። እሱን ጨርሳዋለች። በካሜራ ፊት ለፊት የቆመለት ሰው እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ተነሳሁ ብሎ ደስ ሲለው ፊቱን ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ እሷ ቤታቸው ጓዳ ውስጥ ወጥ ስታማስል ነበር። ፎቶውን ትታዋለች። እኔ ያየሁትን ብቻ ነው የጠየቀችኝ።

«ነጭ ኩታ…» ብዬ ጀመርኩ። የራያ ሽማግሌ በሰርግ ቀን ምን ይለብሳል፣ ነጭ ኩታ ነዋ። «ዱላውን እንዲህ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ…»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ያየሁት ቁጣ ቢሆን እቀጥል ነበር። ተስፋ ነበር። ፈገግ ብሎ ያልኩትን ልትወስደው፣ አልበሙ ባዶ ገጽ ላይ ልታስቀምጠው ዝግጁ ነበረች። ሁለተኛ ልሰርቃት ነበር።

«አላየሁትም» አልኳት። «ባዶ መብራት የሚያበራ ሰው አያይም። አብርቼ ወደ ሌላው ዞርኩ። አባትሽ የትኛው እንደነበሩ እንኳ አላውቅም።»

ውጭ የሚጨቃጨቁት ታረቁ፣ አንዱ ባጃጅ ሄደ። እኔ ይህን ጊዜ ያደረግሁትን ልጽፈው አልፈልግም ነበር፤ ግን ልጻፈው። እንደ ጠበቃ ተከራከርኩ። «ከመሄዳችን በፊት አፉ ብለሽኝ ነበር» አልኳት። «የማታውቂውንም።»

«ያ ለማላውቀው ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ተነስቼ ፊቷ ቆምኩ። እጄን የማሳርፍበት አጣሁ፤ መጋረጃ ፊት እንደሚቆመው ደንበኛ ደረቴ ላይ አደረግሁት።

«እንግዲያው አሁን አፉ በይኝ።»

የሽማግሌውን ፎቶ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ ደብተሯን ስባ፣ እስክሪብቶዋን ይዛ ቀና አለች።

«ለየትኛው?» አለችኝ።